«ሊትል ዊመን»ን ከ27 ዓመት በኋላ ደገምኩት፤ ለካ የገንዘብ መጽሐፍ ነው

የበኩር_ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ይሄን የሉዊዛ ሜይ አልኮት ልብ ወለድ መጀመሪያ ያነበብኩት ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ነው። ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የተዋስኳት ስስ መጽሐፍ ነበረች፣ ለእንግሊዝኛ ጀማሪ ተብላ ያጠረች፣ ሽፋኗ በፕላስተር የተለጠፈ። አራት እህትማማቾች፣ አባት ጦር ሜዳ፣ ጎረቤት ሀብታም ልጅ፣ አንዷ ትሞታለች፣ ሌሎቹ ያገባሉ፣ አለቀ። እኛም ቤት ሦስት ሴቶች በአንድ ክፍል ተፋፍገን ነበር የምንተኛው፣ እና መጽሐፏ ስለ እኛ የተጻፈች ነበር የመሰለኝ። እኔ ጆ ነኝ ብዬ ወሰንኩ። ታናናሾቼን አላማከርኳቸውም፣ ለአንዷ ሜግን ለአንዷ ኤሚን አደልኳቸው። ቤዝን ለማንም አልሰጠኋትም፣ ስለምትሞት ማንም አይፈልጋትም ብዬ።

አሁን 41 ሆኛለሁ፣ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ባለፈው ወር ልጄ ሙሉውን ይዛ መጣች። 47 ምዕራፍ! እሷ ሦስት ምዕራፍ አንብባ ጥላው ወደ ስልኳ ተመለሰች፣ እኔ ግን ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ያዝኩት፣ እና እንቅልፍ አሳጣኝ።

ለካ ስለ ገንዘብ ነው። ገና ከመጀመሪያው መስመር። ጆ ምንጣፉ ላይ ተጋድማ ስጦታ የሌለው ገና ምኑ ገና ነው ብላ ታጉረመርማለች፣ ሜግ አሮጌ ቀሚሷን እያየች ድህነትን ትረግማለች። በእጃቸው ያለው አንድ አንድ ዶላር ነው። ድሆች የሆኑት ደግሞ አባታቸው ችግር ላይ የወደቀ ወዳጁን ልርዳ ብሎ ንብረቱን ስላጣ ነው። ይሄን ስስዋ መጽሐፍ አልነገረችኝም! ሁለቱ ትልልቆቹ የሚሠሩት ለዚህ ነው። ሜግ የሰው ልጅ ታስተምራለች፣ ጆ የአክስቷን ንዝንዝ እየሰማች መጽሐፍ ታነብላታለች።

ከዚያ ቴሌግራሙ ይመጣል። አባት ታሟል፣ ዋሽንግተን ሆስፒታል ነው። እናት መሄጃ ገንዘብ ስለሌላት ከአክስት ማርች ትበደራለች። ብሩ የመጣው ከተግሳጽ ደብዳቤ ጋር ነው። አይታችኋል አይደል እንደዚህ ዓይነት ብድር? ጆ ዝም ብላ ትወጣና ፀጉሯን ሸጣ 25 ዶላር ይዛ ትመጣለች። ልጅ ሆኜ ይሄን ሳነብ «ጀግና!» ነበር ያልኩት። ሙሉው መጽሐፍ ላይ ግን ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ጆ ስለ ፀጉሯ ታለቅሳለች። ሜግ ሰምታ ለአባታችን ነው የምታለቅሽው ትላታለች፣ አይደለም፣ ለፀጉሬ ነው ትላለች።

እዚህ ጋ መጽሐፉን ዘጋሁት። እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አባቴ ታሞ ነበር። እናቴ ስሸኝ የሰጠችኝን የወርቅ ጉትቻ ሸጬ ላክሁ። «ኦቨርታይም ሠርቼ ነው» አልኳቸው። አልቅሻለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ግማሹ ለጉትቻው ነበር።

ጆ መጻፍ ስትጀምርም ተመልከቱ። በውድድር 100 ዶላር ታሸንፋለች፣ ብሩ ቤዝንና እናቷን ባሕር ዳርቻ አየር እንዲቀይሩ ይልካቸዋል። ከዚያ በኋላ አንዱ ታሪኳ የሥጋ ቤት ዕዳ ይከፍላል፣ አንዱ ምንጣፍ ይገዛል፣ አንዱ አስቤዛና ልብስ ይሆናል። ደራሲዋ እንደ ሒሳብ መዝገብ ነው የምትዘረዝረው፣ እየቀለደች።

እናንተስ ስትደግሙት ምን አገኛችሁ? እና የእህቷን ድርሰት ያቃጠለችውን ኤሚን ይቅር ያላችሁ አላችሁ? እኔ እስከ ዛሬ አልቻልኩም።

---

ሦስተኛዋ

እኔ አለሁ። የቤታችን ትንሿ ነኝ፣ ስለዚህ ጠበቃዋ ሆኜ ነው የምናገረው።

ኤሚ መጽሐፉ ሲጀምር 12 ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለት! ትልልቆቹ ቲያትር ሊሄዱ ለብሰው ሲወጡ «አንቺ አልተጠራሽም» ተብላ በር የተዘጋባት ልጅ ናት። ያቃጠለችው ትክክል ነው አላልኩም። ግን ትንሽ ልጅ ሆኖ ያደገ ሁሉ ያቺን በር ያውቃታል። እኔ የእህቴን የፍቅር ደብዳቤ ለአባቴ ያሳየሁት በዚያው ምክንያት ነው (እስካሁን በየፋሲካው ይነሳብኛል)።

የሎሚዋን ነገርስ ረሳሽው? አንቺ ስለ ገንዘብ ነው ካልሽ እሱን ነበር መጀመሪያ ማንሳት። ክፍል ውስጥ በጨው የተዘፈዘፈ ሎሚ ፋሽን ሆኗል፣ እንደኛ ጊዜ ደስታ ከረሜላና ብይ፣ በእርሳስ ይለወጣል፣ በወረቀት አሻንጉሊት ይለወጣል። አንዷ ከጋበዘችሽ መልሰሽ መጋበዝ አለብሽ። ኤሚ የደርዘን ሎሚ ዕዳ አለባት። ሜግ 25 ሳንቲም ትሰጣታለች፣ 24 ሎሚ ገዝታ ትሄዳለች፣ አንዷን መንገድ ላይ ትበላታለች። ተጣልታት የነበረች ልጅ ለአስተማሪው ታሳብቅባታለች። ሰውየው ሎሚዎቹን ሁለት ሁለት እያደረገች በመስኮት እንድትጥል ያዛታል፣ ከዚያ መዳፏን ይገርፋታል፣ መድረክ ላይ ያቆማታል። የእኛ አገር ልጅ ይሄን ሲያነብ ማስታወሻ አያስፈልገውም። እኔ መዳፌ ነው የነደደው።

እና እናቷ ከትምህርት ቤቱ አወጣቻት! እኔ በዚህ ነው ቅናት የያዘኝ። እኔ ተገርፌ ቤት ስገባ «ምን አጥፍተሽ ነው?» ተብዬ ተደግሞልኛል።

---

የበኩር_ልጅ

ሃሃ፣ ሎሚውን እውነትሽን ነው፣ የመጽሐፉ ምርጥ ምዕራፍ ነው። ግን ጠበቃዬ፣ የተቃጠለው እኮ የጆ አንድዬ ቅጂ ነው። የተወሰኑ ተረቶች፣ የዓመታት ድካም፣ አሮጌውን ጽሑፍ ደግሞ በንጹሕ ከገለበጠች በኋላ ራሷ ቀዳዋለች። ሌላ የለም። በሩ ተዘጋብኝ ብሎ የሰውን ዓመታት እሳት ውስጥ መክተት?

---

ሦስተኛዋ

በማግስቱ ኤሚ በረዶ የሆነው ወንዝ ላይ ስትንሸራተት በረዶው ተሰብሮ ውኃው ውስጥ ገባች፣ ልትሞት ነበር፣ ጆ ደግሞ ቀጭን መሆኑን እያወቀች አላስጠነቀቀቻትም። ሒሳቡ አልተዘጋም?

---

የሦስት_እናት

በዚያው ምዕራፍ ላይ እኔን ያስቆመኝ ሌላ ነው። ጆ በራሷ ቁጣ ደንግጣ ለእናቷ ስትናዘዝ ማርሚ ምን ትላታለች? እኔም በሕይወቴ በየቀኑ ማለት ይቻላል እቆጣለሁ፣ 40 ዓመት ልፈውሰው ሞክሬ የተሳካልኝ መቆጣጠር ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ ማርሚ ለኔ እንደ ሥዕል ማርያም ነበረች፣ ዝም ብላ የምታበራ። ሦስት ከወለድኩ በኋላ ሳነበው ግን «ኧረ አንቺም?» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ባለቤቴ ደንግጦ ቀና አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1868ቱ የመጀመሪያ እትም ማርሚ ስትገባ ወፈር ያለች ሴት ነች። በ1880 በታረመው እትም ረዘም ያለች ሆናለች። ልጆቹም የሚናገሩት የመንገድ ቋንቋ ተለዝቧል። የብዙዎቻችን እጅ የገባው የታረመው ነው። ወፍራሟን ማርሚ መልሱልኝ፣ እሷ ነች እኔን የምትመስለው።

---

ቡና_በጀበና

ከቀዳሚዋ ጋር ነኝ 😂 ቁጡና ወፍራም እናት ምን ይሏታል፣ የኛ ሰፈር እናት ነው የሚሏት።

---

ጋሽ_መጽሐፉ

ልጆቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ አዲስ አበባ ተቀምጫለሁ፣ ያቺን ስስ መጽሐፍ እኔም ለስንት ክፍል አስተምሬባታለሁና ወቀሳው ይመለከተኛል።

የገንዘቡን ነገር ያነሳሽው ልጅ፣ ከገመትሽው በላይ ልክ ነሽ። ሉዊዛ ሜይ አልኮት ይህንን መጽሐፍ የጻፈችው ፈልጋ አይደለም። ቶማስ ናይልስ የተባለ የቦስተን አሳታሚ ለልጃገረዶች የሚሆን መጽሐፍ ጻፊ ብሎ ጠየቃት፤ እሷ እንዲህ ያለ ነገር አትወድም ነበር፤ ቤቱ ግን ገንዘብ ያስፈልገው ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል በሁለት ወር ተኩል ያህል ጨረሰችው። በ1868 መስከረም መጨረሻ ላይ ወጣ፤ ሁለተኛው ክፍል በ1869 ተከተለ። ናይልስ አንድ ትልቅ ውለታ ዋለላት፤ መብቱን በአንድ ጊዜ ክፍያ እንዳትሸጠው መከራት። ያ ምክር የአንድ ቤተሰብ ዕዳ ከፈለ።

ታሪኩ የራሷ ቤት ነው። እህቶቿ አና፣ ኤልዛቤትና ሜይ ይባላሉ። ኤልዛቤት ቤዝ ናት፤ በ1858 በ22 ዓመቷ ሞተች። ሜይ የሚለውን ስም ፊደሎቹን ብታገላብጡት ኤሚ ይሆናል፤ በላቲን ፊደል ማለቴ ነው።

አሁን የኤሚ ተቃዋሚዎች ስሙ። በመጽሐፉ ውስጥ ጆ የተመኘችውን የአውሮፓ ጉዞ ኤሚ ትወስድባታለች፤ ወጪው የዘመድ ነው። በእውነተኛው ሕይወት ሜይን ሥዕል እንድትማር አውሮፓ የላከቻት ሉዊዛ ራሷ ናት፤ ከመጻሕፍቷ ገቢ። ሜይም አላሳፈረቻትም፤ በ1877 ሥዕሏ በፓሪስ ሳሎን ቀረበ። በ1879 ሴት ልጅ ወልዳ በሳምንታት ውስጥ አረፈች። ሕፃኗን ለሉዊዛ ተናዘዘችላት። ሉዊዛ ያቺን ልጅ ከአውሮፓ አስመጥታ ራሷ እስክትሞት ድረስ አሳደገቻት፤ ስሟም ሉዊዛ ነበር፤ ሉሉ ይሏታል።

ሂሳቡ አልተዘጋም ወይ ለተባለው፣ እኔ የማውቀው መዝጊያ ይህ ነው።

---

የበኩር_ልጅ

ጋሼ፣ ይሄን ሳነብ ባቡር ውስጥ ነበርኩ፣ ሰው እያየኝ። ይቅር አልኳት። ሜይን ማለቴ ነው፣ ኤሚን ገና እያሰብኩበት ነው።

---

ቡና_በጀበና

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። የአባትየውን ነገር ግን ለምን ዘለሉት? መጽሐፉ ውስጥ አባት ግማሹን ጊዜ የለም፣ ሲመጣም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይቀመጣል። እውነተኛው አባት ብሮንሰን አልኮት ፈላስፋ ነበር፣ ፍልስፍና ደግሞ ዱቄት አይገዛም። በ1843 ሚስቱንና አራት ልጆቹን ይዞ ፍሩትላንድስ የሚባል እርሻ ላይ አዲስ ኑሮ እንጀምር ብሎ ገባ። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ በሉት፣ ያለ ፋሲካ። ጥጥ የባሪያ ላብ ነው ብለው አይለብሱም፣ ሱፍ የበግ ንብረት ነው ብለው አይለብሱም፣ በማሳቹሴትስ ብርድ በተልባ ልብስ! ሰባት ወር ገደማ ቆይተው ተበተኑ። ሉዊዛ ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር።

ጥጡን በተመለከተ ሐሳቡን አከብራለሁ፣ ባርነትን ከልባቸው የተቃወሙ ሰዎች ናቸው። ግን ሰብል በሚሰበሰብበት ሰዓት ወንዶቹ ንግግር ሊያደርጉ ሄደው እናትና ልጆች በአንሶላ ገብስ ሲሰበስቡ አስቡት። ሉዊዛ ለምን ገንዘብ ገንዘብ አለች ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱ እዚያ ነው።

---

ናኒ_ዱባይ

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምጽፈው፣ ሁልጊዜ አነባለሁ ብቻ።

ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እንግሊዝኛዬ ከልጆቹ ጋር ስነጋገር የተለቀመ ነው። መጽሐፉን በነፃ የሚገኝ የድምፅ ንባብ ላይ ነው የሰማሁት፣ ልብስ ስተኩስ፣ በጆሮ ማዳመጫ። ሁለት ጊዜ። ብዙ ቃል አልፎኛል፣ ግን ገብቶኛል።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ነርሲንግ ትመረቃለች። የመጀመሪያዎቹ አሠሪዎቼ ሰባት ወር ሳይከፍሉኝ ቆይተው ነበር፣ እና ለሷ «ባንክ ተዘግቶ ነው» እያልኩ ነበር የምዋሸው። ጆ ፀጉሯን ሸጣ ስትመጣ ሁሉም ከበው ይገረማሉ፣ እናቷ ትስማታለች። ሰው አይቶላታል። እኔ ይሄን ስሰማ ጆ አይደለሁም አልኩ። እኔ ፀጉሩ ነኝ።

ግን ፀጉር ይበቅላል አይደል። በሁለተኛው ክፍል ላይ አድጎላታል።

እና አንድ ጥያቄ አለኝ። ሜግ ያንን የ50 ዶላር ሐር ለምን ገዛች? ባሏ ደሃ መሆኑን እያወቀች? በጣም ነው የተናደድኩባት።

---

የሦስት_እናት

ናኒዬ የኔ እናት፣ እንኳን ጻፍሽ።

ሐሩን የገዛችው ሀብታም ጓደኛዋ አጠገቧ ቆማ ስለነበር ነው። ሰው የማይችለውን የሚገዛው ብቻውን ሆኖ አይደለም። እዚህ አሜሪካ ስንቱ መኪና ነው እንደዚያ የተገዛው። ባሏ ጆን አንድ ቃል ክፉ አልተናገረም፣ ግን ለክረምቱ ያዘዘውን ካፖርት ዝም ብሎ ሰረዘው። ከስድብ የሚብስ ዝምታ አለ። ከዚያ ሜግ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ለዚያችው ጓደኛዋ ሐሩን ግዢኝ አለቻት፣ በብሩ ካፖርቱን አምጥታ አለበሰችው። ለኔ ሀብታሙ ጎረቤት ሎሪ ለጆ ካቀረበው የጋብቻ ጥያቄ ይልቅ ይሄ ነው የፍቅር ትዕይንት።

---

አንድ_ወንድ

ሎሪን ካነሳችሁ አይቀር። እኔ ወንድ ነኝ፣ መጽሐፉን ያነበብኩት ፍቅረኛዬ አስገድዳኝ ነው፣ የተለየነው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ጆ ለምን ሎሪን እንቢ አለች? አብረው አድገዋል፣ ይሳሳቃሉ፣ ሀብታም ነው። ከዚያ መጥታ ጢማም፣ ደሃ፣ በዕድሜ የሚበልጣት ጀርመናዊ ፕሮፌሰር ታገባለች። ደራሲዋ ምን ነክቷት ነው?

---

ጋሽ_መጽሐፉ

ልጄ፣ ጥያቄህ 150 ዓመት ያለፈው ነው። የመጀመሪያው ክፍል እንደ ወጣ ልጃገረዶች ደብዳቤ ያጎርፉላት ጀመር፤ ማን ማንን ያገባል እያሉ። ሉዊዛ ተናደደች። ማግባት የሴት ልጅ ብቸኛ ግብ ነው እንዴ ብላ፣ ጆን ለሎሪ ማንንም ለማስደሰት ብዬ አልድራትም አለች። በእሷ ሐሳብ ጆ ብቻዋን የምትኖር ጸሐፊ ልትሆን ይገባት ነበር። አሳታሚና አንባቢ ግን አላስቆም ሲሏት፣ እንቢም እሺም ሳትል ፕሮፌሰር ቤርን አመጣችላቸው። ግማሽ ቀልድ ነው ትዳሩ። እሷ ራሷ አላገባችም።

---

የበኩር_ልጅ

እኔ ፕሮፌሰሩን ልጅ ሆኜ ጠልቼው ነበር፣ አሁን ጃንጥላው ሥር ያለውን ምዕራፍ ወድጄዋለሁ። ያኮረፍኩበት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እነዚያን የሚሸጡ ታሪኮቿን መናቁ። ወንድሜ፣ የሥጋ ቤቱን ዕዳ የከፈሉት እነሱ ናቸው! ሰውየው አይራበውም? ሉዊዛ ራሷ እኮ በብዕር ስም የደምና የበቀል ታሪክ እየጻፈች ትሸጥ ነበር።

---

ኤም_ስትሪት

እኔ ዲሲ ታክሲ እነዳለሁ። መጽሐፉን አላነበብኩትም፣ ባለቤቴ ናት ይሄን ክር ያሳየችኝ። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ጆርጅታውን፣ ኤም ስትሪትና 30ኛው መንገድ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ድሮ ዩኒየን ሆቴል የሚባል ነበር፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ሆስፒታል አድርገውት ነበር። የናንተ ደራሲ በ1862 ታኅሣሥ ነርስ ሆና የመጣችው እዚያ ነው። አንድ ተሳፋሪ ነግራኝ ነው መጀመሪያ የሰማሁት፣ ከዚያ ራሴ አነበብኩ። ስድስት ሳምንት ያህል እንደሠራች ታይፎይድ ያዛት፣ ሜርኩሪ ያለበት መድኃኒት ሰጧት፣ አባቷ መጥቶ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ ሙሉ ጤነኛ አልሆነችም።

በቀን አሥር ጊዜ ነው የማልፈው በዚያ። ስንት ነርስ እህቶቻችንን ከሌሊት ፈረቃ አውጥቼ በዚያ ጥግ ይዤ አልፌያለሁ።

---

የበኩር_ልጅ

እኔ የማታ ፈረቃ ነኝ እኮ! ነርስ አይደለሁም፣ ረዳት ነኝ፣ ግን በዚያ ጥግ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ አልፋለሁ። እናመሰግናለን ወንድማችን።

---

ጎንደር_የቀረሁት

ሁሉንም አነበብኩ። ትንሽ ልቆጣ ነውና ይቅርታ።

ገንዘብ፣ ገንዘብ፣ ገንዘብ። ጆ ሸጠች፣ ጆ ላከች። ቤዝን አንዳችሁም በደንብ አላነሳችኋትም። የበኩር ልጅ እንደውም «ስለምትሞት ማንም አይፈልጋትም» ብላ አለፈቻት።

እኔ ልጅ ሆኜ ስሟን ስጽፍ በመጨረሻዋ ፊደል ተቸግሬ «ቤት» ብዬ ነበር የምጽፋት። ሜግ፣ ጆ፣ ቤት፣ ኤሚ። አስተማሪያችን ስቆ አረመኝ። አሁን ግን ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ቤት ናት። አንዷ አገባች፣ አንዷ ኒው ዮርክ ሄደች፣ አንዷ አውሮፓ ሄደች። ቤት ቀረች።

ምዕራፍ 17ን ሄዳችሁ አንብቡት። እናት ዋሽንግተን ናት። ድሃ ጎረቤቶቻቸው ሁመሎች ቤት ሕፃኑ ታሟል። ቤዝ ሄደን እንያቸው ትላለች። ሜግ ደክሞኛል አለች። ጆ ጉንፋን ይዞኛል፣ ደግሞ የምጽፈውን ልጨርስ አለች። አንቺ ለምን አትሄጂም ሲሏት፣ በየቀኑ ሄጃለሁ፣ ግን ሕፃኑ ታሟል፣ ምን እንደማደርግለት አላውቅም፣ አንዳችሁ ብትሄዱ ነው የምትላቸው። ሜግን ነገ እሄዳለሁ አስባለቻት። ኤሚን ጠበቀች፣ ኤሚ ቀረች። አንድ ሰዓት ጠብቃ ራሷን እያመማት ብቻዋን ሄደች። ሕፃኑ እቅፏ ውስጥ ሞተ። ቀዩ ትኩሳት የያዛት እዚያ ነው። እስክትሞት ዓመታት ቢያልፉም፣ የሞተችው በዚያች «ደክሞኛል» ነው።

እኔ እናቴን አምስት ዓመት አስታምሜያለሁ። ሁለቱ እህቶቼ ውጭ ናቸው፣ ይልካሉ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ አንድ ወር አጓድለው አያውቁም። ግን ሲደውሉ «ደረሰ ወይ?» ነው የሚሉት። ብሩን ነው። እኔ ደረሰ እላለሁ። ማታ ማን እንደሚያገላብጣት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

---

ናኒ_ዱባይ

እህቴ። እኔም «ደረሰ ወይ» ነው የምለው። ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር።

---

ጎንደር_የቀረሁት

ናኒ፣ አንቺን አይደለም የተቆጣሁት። አንቺም ደረሰ ከመባል ሌላ ማን ጠየቀሽ።

---

ሦስተኛዋ

ምዕራፍ 17ን ሄጄ አየሁት። እውነቷን ነው፣ ጆ ታሪኳን በመጻፍ ተጠምዳ ነበር። ሁለታችን ስለ ኤሚ ስንከራከር ቆይተን ጥፋቱ የሁሉም ሆነ።

---

ጋሽ_መጽሐፉ

ይህንን ምዕራፍ ያቺ ስስ መጽሐፍ በሁለት መስመር ነበር የምታልፈው፦ ቤዝ ድሆችን ጎበኘች፣ ታመመች። እኔም እንዲሁ አለፍኩት፤ ስንት ዓመት። የጎንደሯ ልጄ፣ አስተማሪ ብሆን ኖሮ ዛሬም፣ ያንን «ቤት» አላርምብሽም ነበር።

---

የበኩር_ልጅ

ሁለት ቀን ጠፍቼ ነበር። ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኝ።

መጀመሪያ ላይ ሦስት እህትማማቾች ነበርን ብያለሁ። ትንሿ ስዊድን ናት። መካከለኛዋ፣ ሜግ ነሽ ያልኳት፣ አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ናት። የጉትቻዬ ብር ሲደርስ አባቴን በሸክም ከታክሲ አውርዳ ሐኪም ቤት ያስገባችው፣ ኮሪደር ላይ ያደረችው፣ በመጨረሻም ዓይኑን የከደነችው እሷ ናት። 18 ዓመት ሆነው፣ ስለዚያ ሌሊት አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። ስለ ጉትቻው ግን ከራሴ ጋር ስንት ጊዜ አውርቻለሁ።

ትናንት ደወልኩላት። ስለ ብር አላወራሁም፣ እሷም መጀመሪያ ግራ ገባት፣ «ምን ሆነሻል? ታመምሽ?» አለችኝ። እናቴ ተኝታ ስለነበር በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ስለዚያ ሌሊት ጠየቅኳት። ነገረችኝ፣ ሁሉንም አይደለም። ረጅም ሰዓት አወራን።

ከዚያ መጽሐፉን እየደገምኩ እንደሆነ ነገርኳት። አስታወሰችው፣ የተለጠፈውን ሽፋን ሳይቀር። «አንቺ ጆ ነበርሽ» አለች እየሳቀች። አንቺን ሜግ አድርጌሽ ነበር፣ ታላቅ ስለሆነች የተሻለ ይሆንልሻል ብዬ፣ ቤዝን ማንም ስላልፈለጋት አልኳት።

ትንሽ ዝም አለችና «እኔ እኮ ቤዝን ነበር የፈለግኩት» አለችኝ። «ፒያኖ የተሰጣት እሷ ናት።»